ሚክሎሽ ያንቾ ከ1972 በኋላ በእርግጥ አበቃለት?

ጥያቄ፦ የፊልም ትምህርት ተማሪ ነኝ። ከሃንጋሪው ዳይሬክተር ከሚክሎሽ ያንቾ ሥራዎች «አፈሳው»ንና «ቀይ መዝሙር»ን አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ስለ እሱ ሳነብ ሁሉም የሚለው አንድ ነው። ከ1972 በኋላ ራሱን መድገም ጀመረ፣ ተረሳ፣ በእርጅናው ደግሞ የቀልድ ፊልም ሠሪ ሆነ ይላሉ። እውነት ነው? የመመረቂያ ጽሑፌን በእሱ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። የትኛውን ዘመኑን ብይዝ ይሻላል?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥህ። ራሱን ደግሟል የሚለው በከፊል እውነት ነው። ተረሳ የሚለውም ለውጭው ዓለም ይሠራል፤ ለአገሩ ግን አይሠራም። አበቃለት የሚለውን ግን አልቀበልም። ያንቾ ከወጣትነቱ እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የኖረው። አንዱ ሰው «ልብስህን አውልቅና ሰልፍ ግባ» ሲል ሌላው ለምን እሺ ይላል? ባለፉት ዓመታት የተለወጠው የአዛዡ መልክ ነው። የአዛዡ መልክ ሲለወጥ ያንቾም አቀራረጹን ለወጠ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ስለ አስተዳደጉ ብዙ አልልህም፤ ሦስት ነገር ብቻ ያዝ። የተወለደው በ1921 ነው። ከቡዳፔስት በስተ ሰሜን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቫትስ ከተማ። አንደኛ፣ ሕግ የተማረ ሰው ነው። በ1944 በኮሎዥቫር፣ ማለትም የዛሬዋ የሮማኒያ ክሉዥ ውስጥ ትምህርቱን ጨረሰ። ጎን ለጎን የሥነ ጥበብ ታሪክና የባህል ጥናት ተምሯል፤ በትራንሲልቫኒያ ገጠር እየተዘዋወረም ጥናት ሠርቷል። ፊልሞቹ ውስጥ ያለው የገበሬ ዘፈንና ጭፈራ ከየት መጣ ብለህ ከጠየቅህ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድሃ ገበሬና የሠራተኛ ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዲገቡ በተቋቋመው የሕዝብ ኮሌጆች ንቅናቄ ውስጥ ነበረ። እነዚያ ወጣቶች ዓለምን እንለውጣለን ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። በ1949 ንቅናቄውን ያፈረሰው ያው የራሳቸው ያሉት መንግሥት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ያንቾ ከፊልም ትምህርት ቤት ወጥቶ በ1950ዎቹ የሠራው የዜና ፊልም ነው። የሜይ ዴይ ሰልፍ፣ የመኸር ዘመቻ፣ የሶቪየት እንግዶች አቀባበል። እስቲ አስበው። ሕዝብን ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚያሰልፉት፣ ማን ከፊት እንደሚቆም፣ ማን ምልክት እንደሚሰጥ ለዓመታት በካሜራ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ኋላ ላይ የሠራቸው ታላላቅ ፊልሞች ሁሉ ሰዎች ሜዳ ላይ ሲሰለፉ የሚያሳዩ መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ የልብ ወለድ ፊልሙን በ1950ዎቹ መጨረሻ ሠራ። እሱን ለጊዜው ዝለለው። ዋናው ነገር በዚያው ሰሞን ከደራሲው ከጁላ ሄርናዲ ጋር መገናኘቱ ነው። ሄርናዲ በ2005 እስኪሞት ድረስ አብረው ጻፉ። በ1963 የወጣው ፊልሙ የጣሊያኑ የአንቶኒዮኒ ተጽእኖ በግልጽ ይታይበታል። የራሱን ድምፅ ማሰማት የጀመረው በ1965ቱ «የቤቴ መንገድ» ነው። በጦርነቱ ማብቂያ አንድ የሃንጋሪ ልጅ ይማረካል፤ ከአንድ ወጣት የሶቪየት ወታደር ጋርም ላም እንዲጠብቅ ይደረጋል። ቋንቋ አይግባቡም፤ ግን ይዋደዳሉ። ያንቾ ራሱም በሶቪየቶች እጅ ምርኮኛ ሆኖ ያውቃል።

አሁን ወደ «አፈሳው» እንምጣ። ይህን ፊልም አንተም አይተኸዋል፤ ግን አንድ ክፍሉን አብረን በቅርበት እንየው። ጊዜው 1869 ገደማ ነው። በኦስትሪያ ገዥዎች ላይ የተነሣው የ1848ቱ የሃንጋሪ አብዮት ከተደመሰሰ 20 ዓመት ሆኖታል። መንግሥት ከአብዮቱ ጋር ተሰልፎ የነበረውን የሽፍታውን የሻንዶር ሮዣን ተከታዮች ለይቶ ማውጣት ይፈልጋል። በሰፊው ሜዳ መካከል ባለ ምሽግ ውስጥ ገበሬና እረኛ፣ ሽፍታና ንጹሕ ሰው ተቀላቅሎ ታስሯል። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጋይዳር የሚባል እስረኛ አለ። ሰው ገድሏል፤ ስቅላት ይጠብቀዋል። መርማሪዎቹ አንድ ሐሳብ ያቀርቡለታል። «ካንተ የበለጠ የገደለ ሰው ካገኘህልን አንተ አትሰቀልም።» በቃ፣ ይህችው ናት። ዱላ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰውዬው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይለወጣል። ግቢው ውስጥ እየዞረ የእስረኞቹን ፊት ያያል፣ ይጠቁማል። እስረኞቹ ደግሞ እሱን ያያሉ። አንድ ቀን ሌሊት እዚያው ታንቆ ይገኛል። አሁን መርማሪዎቹ ሌላ ሥራ አገኙ፤ የጋይዳርን ገዳይ መፈለግ። በዚያ ሰበብ ወደ ሌሎች ሰዎች ይሻገራሉ። የሞተው ጠቋሚ ከሕያው ጠቋሚ በላይ ጠቀማቸው።

መጨረሻውን ታስታውሳለህ። ከእስረኞቹ የፈረሰኛ ጦር ይመሠረታል። ንጉሠ ነገሥቱ ለሻንዶር ሮዣ ምሕረት ማድረጉ ይነበባል። ሰዎቹ በደስታ ይጮኻሉ፤ በዚያም የሮዣ ሰዎች መሆናቸውን ራሳቸው አሳወቁ። ንባቡ ይቀጥላል፤ ምሕረቱ ተከታዮቹን አይመለከትም። ጭንቅላታቸው ላይ ጆንያ ይጠለቅና ያልቃል።

ይህ ፊልም በ1966 ሲወጣ የሃንጋሪ ተመልካች ምን እንዳየ ለመገመት አያስቸግርም። የ1956ቱ አመፅ በሶቪየት ታንክ ከተደመሰሰ 10 ዓመቱ ነው። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኢምሬ ናዥ ተሰቅሏል። ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ታስረዋል። በ1963 ምሕረት ታወጀ። እና አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ምርመራውን፣ ጥቆማውን፣ ምሕረቱን ሁሉ ያውቀዋል። ያንቾ ፊልሙ ከቅርብ ጊዜው ሁኔታ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ በይፋ እንዲናገር ተደርጓል። ማንም አላመነውም። 10 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ያኔ ወደ ፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫልም ሄደ፤ ዓለምም ስሙን ያዘ።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ቀዮቹና ነጮቹ» ለአንተ ጽሑፍ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅምሃል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። የጥቅምት አብዮት 50ኛ ዓመት ሲከበር ከሶቪየት ኅብረት ጋር በጋራ የተሠራ ነው። ታሪኩ 1919 ላይ፣ በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በቮልጋ አካባቢ፣ ከቀዮቹ ማለትም ከአብዮተኞቹ ጎን ሆነው ፀረ አብዮቶቹን ነጮቹን ስለተዋጉ የሃንጋሪ በጎ ፈቃደኞች ነው። ሶቪየቶቹ የጠበቁት የጀግንነት ፊልም ነበር። ያንቾ ያቀረበላቸው ግን ጀግና የሌለበት ፊልም ነው። አንዱ ገጸ ባሕርይ ዋናው ነው ብለህ ስትይዘው ይሞታል። ካሜራው አይጠጋውም፣ ሙዚቃ አይለቀስለትም። ዞር ስትል ሌላ አዛዥ መጥቷል። ሶቪየቶቹ ፊልሙን ቆራርጠው ለራሳቸው በሚመች መንገድ አሰናዱት፤ በኋላም ከለከሉት። በ1968 ካን ላይ ሊወዳደር ነበር፤ ፌስቲቫሉ በዚያ ዓመት በፈረንሳይ በተነሣው እንቅስቃሴ ምክንያት ተቋረጠ።

እዚያ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ነጮቹ መኮንኖች የመስክ ሆስፒታሉን ነርሶች ሰብስበው ወደ ጫካ ይወስዷቸዋል። ቀጫጭን ነጫጭ ዛፎች መካከል። ተመልካቹ የሚጠብቀው ግልጽ ነው፤ ልብህ ይመታል። ከዚያ ወታደራዊ ባንድ መጫወት ይጀምራል። ነርሶቹ ቫልስ የሚባለውን የጥንድ ጭፈራ እንዲጨፍሩ ይታዘዛሉ፤ ይጨፍራሉ። መኮንኖቹ ቆመው ያያሉ። ሲያልቅ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አንዲትም አልተነካችም። ግን ያ ትዕይንት ከግድያዎቹ ሁሉ ይልቅ ያስፈራል። አዛዡ የፈለገውን ማድረግ እንደሚችል አሳየ፤ ቫልስ መረጠ፤ ሌላ ነገርም መምረጥ ይችል ነበር።

ስለ አሠራሩም ትንሽ ልንገርህ፤ ተማሪ ስለሆንህ ይጠቅምሃል። ያንቾ ረጅም ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የሚቀረጽ ረጅም ምስል የሚወድ ዳይሬክተር ነው ሲባል ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። ሥራው ግን ጉልበት የሚጨርስ ነው። ሜዳ ላይ ሐዲድ ይዘረጋል። ካሜራው በሐዲዱ ላይ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ በዙም ይጠጋል፣ ይርቃል። በዚያው ጊዜ ፈረሰኞችም፣ ዘፋኞችም፣ እስረኞችም በራሳቸው መንገድ ይንቀሳቀሳሉ። ድምፁ በኋላ በስቱዲዮ ስለሚገባ ያንቾ ቀረጻው እየሄደ እየጮኸ ይመራቸዋል። «አንተ ወደ ግራ፣ አንቺ ቁሚ፣ ፈረሱ አሁን ይምጣ።» አንድ ጥቅል ፊልም ካሜራ ውስጥ የሚቆየው 10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የአንድ ሾት ርዝመት ጣሪያው እሱ ነው። በ1974ቱ «ኤሌክትራ፣ ፍቅሬ» 70 ደቂቃውን በ12 ሾት ጨርሶታል።

ይህን ሁሉ ብቻውን አልሠራውም። «አፈሳው»ን የቀረጸው ታማሽ ሾምሎ ነው። ከ1968ቱ «ዝምታና ጩኸት» ጀምሮ ደግሞ ያኖሽ ኬንዴ ገባ፤ የነዚያ የሚሽከረከሩ ሾቶች እጅ እሱ ነው። ጽሑፍህ ውስጥ የኬንዴን ስም እንዳትረሳ።

ኤዲቲንግ፣ ማለትም ሾቶችን እየቆረጡ መቀጠል ባለበት ፊልም ዳይሬክተሩ ማንን ማየት እንዳለብህ ይነግርሃል። በያንቾ ረጅም ሾት ውስጥ ግን አዛዡ ከጎን እስኪገባ ድረስ አታውቀውም። ትዕዛዝ ሰጪው አሁን ፊት ለፊት ነው፤ ካሜራው ዞሮ ሲመለስ ራሱ እስረኛ ሆኗል። ያንን ለውጥ ሳይቆረጥ፣ ዓይንህ እያየ ነው የሚያሳይህ። ረጅሙ ሾት ያስፈለገው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1969 «ፍጥጫ» ወጣ፤ የመጀመሪያው የቀለም ፊልሙ። እነዚያን የሕዝብ ኮሌጆች የ1947 ወጣቶች ነው ያመጣቸው፤ የራሱን ትውልድ። እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩ ወደ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ይገባሉ። እንወያይ ይላሉ። ቀስ በቀስ ውይይቱ ወደ ማስፈራራት ይሄዳል። ነፃ አውጪው ራሱ አዛዥ ሲሆን ታያለህ። ያንቾ በወዳጆቹ ላይ እንዲህ ዓይነት ፊልም ለመሥራት ድፍረት ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ 1972፤ «ቀይ መዝሙር»፤ የካን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት። በ1890ዎቹ የተነሡ የእርሻ ሠራተኞችን አመፅ ከ30 ባነሱ ሾቶች ይተርካል። አንዲት ልጅ እጇ ይቆስላል፤ ቁስሉ ቀይ ጥብጣብ ሆኖ ይታያል። ወታደሮቹ ከገበሬዎቹ ጋር አብረው ሲጨፍሩ ቆይተው ይወጣሉ፣ ይከቧቸዋል፣ ይተኩሳሉ። ጭፈራው ክብ ነበር፤ ከበባውም ክብ ነው። በመጨረሻ ቀይ የለበሰች ሴት ሽጉጥ ይዛ ወታደሮቹን በሙሉ ትጥላቸዋለች። እዚህ ላይ ያንቾ አንድ ነገር አደረገ። በ1960ዎቹ ፊልሞቹ ሕዝቡ ይታዘዛል። እዚህ እምቢ ይላል፤ እምቢታው ግን በምኞት ደረጃ ነው፣ በዘፈንና በተምሳሌት። ስለዚህ ፊልሙም ወደ ሥነ ሥርዓት ተጠጋ።

አንተ የጠየቅኸው ውዝግብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የተቺዎቹን ሐቅ ልስጣቸው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የያንቾ ምልክቶች ሁሉ ተለምደዋል። ፈረስ፣ ሻማ፣ እርቃን ሴቶች፣ ክብ ጭፈራ፣ ቀይ ጨርቅ። «ኤሌክትራ፣ ፍቅሬ» ለእኔ ታላቅ ፊልም ነው፤ ተዋናይቷን ማሪ ቶሮቺክን ለማየት ብቻ እንኳ ይበቃል። በጣሊያን ከሠራቸው መካከል ግን ብዙዎቹ አይይዙኝም። በ1976 የወጣው «የግል ብልግና፣ የአደባባይ ጨዋነት» ስለ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ገዥ ቤት ስለ ሀብስቡርጉ አልጋ ወራሽ የሚያወራ ፊልም ነው። በእርቃን ገላ ብዛቱ ወሬው ከፊልሙ በለጠ። የእርቃን ሴቶቹን ጉዳይ ደግሞ በዝምታ አትለፈው። በ«አፈሳው» አንዲት ሴት እርቃኗን በወታደሮች ጅራፍ መካከል እንድትሮጥ ስትገደድ ውርደቱ ያማል፣ ሊያምም ይገባዋል። በኋለኞቹ ፊልሞች ላይ ግን ያው እርቃን ጌጥ ሆኖ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነው። ጽሑፍህ ይህን በግልጽ መናገር አለበት።

ሌላው ምክንያት ከእሱ ውጭ ነው። የምዕራቡ ተቺ በ1968 ዙሪያ የአብዮት ፊልም ተርቦ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ያ ስሜት በረደ። ያንቾ በ1979 «የሃንጋሪ ራፕሶዲ»ንና ተከታዩን ትልቅ ገንዘብ ወጥቶባቸው ሲያመጣ ሰዎቹ ወደ ሌላ ነገር ዞረዋል። ካን በዚያው ዓመት ለሥራ ዘመኑ ልዩ ሽልማት ሰጠው። በ1990 ቬኒስም ለሥራ ዘመኑ ወርቃማውን አንበሳ ሰጠው። ዳይሬክተርን በእንዲህ ዓይነት ሽልማት ሲያከብሩት አንዳንዴ ሸኘንህ ማለታቸው ነው። እሱ ግን ገና ብዙ ፊልም ይቀረው ነበር።

የ1980ዎቹን ፊልሞቹን ማየት ይከብዳል። አልዋሽህም፣ እኔም ደጋግሜ አልመለስባቸውም። ግን በ1987ቱ «የጭራቆች ወቅት» ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የቴሌቪዥን ስክሪኖች ፊልሙ ውስጥ ገብተዋል። ሰዎቹ የራሳቸውን ምስል በስክሪን ያያሉ። ዩኒፎርም የለበሰው አዛዥ ከፊታቸው ጠፍቷል፤ አሁን የሚመለከታቸው ካሜራ ነው። ያንቾ ሥልጣን ወዴት እንደሚሄድ እየተከተለ ነበር።

በ1989 የኮሚኒስቱ ሥርዓት ወደቀ። የመንግሥት ስቱዲዮ ገንዘብም ቀነሰ። በመቶ የሚቆጠር ፈረስ ሜዳ ላይ የማሰለፍ ዘመን አለፈ። በ1999፣ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ «ጌታ በፔስት ፋኖስ ሰጠኝ» የሚለውን ፊልም ይዞ መጣ። ካፓና ፔፔ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ዞልታን ሙቺና ፔተር ሼረር ይጫወቷቸዋል። መቃብር ቆፋሪዎች ናቸው። ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዱ ጌታ፣ ሌላው ሎሌ፤ ቀጥሎ ይገላበጣል። ይገደላሉ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ተነሥተው ይጨቃጨቃሉ። ያንቾና ሄርናዲ ራሳቸው በፊልሙ ውስጥ ይታያሉ፤ ይሞታሉም። የቡዳፔስት ወጣት ወደደው። እስከ 2006 ድረስ በአጠቃላይ ስድስት የካፓና ፔፔ ፊልሞች ወጡ።

ሰዎች ቀልድ ብለው የሚያልፏቸው እነዚህን ነው። ግን «ቀዮቹና ነጮቹ»ን ካየህ በኋላ እያቸው። በ1967 ሆስፒታሉ ከነጮቹ ወደ ቀዮቹ፣ ከቀዮቹ ወደ ነጮቹ እጅ ይገባል። የሚያዘው ይለዋወጣል፤ የሚታዘዘው ያው ነው። በ1999 የሚያዘው ዩኒፎርም የለውም። ገንዘብ ያለው ነው፣ መኪና ያለው ነው፣ ስልክ የያዘ ነው። ነገም ሌላ ይሆናል። በሜዳ ላይ በዝምታ ይካሄድ የነበረው ልውውጥ አሁን ከተማ ውስጥ በስድብና በጫጫታ ይካሄዳል። ልዩነቱ ሞት ላይ ነው። ያኔ የወደቀ አይነሣም ነበር፤ አሁን ይነሣል፣ ግን ምንም አልተማረም። ለእኔ ይህ በጣም የተናደደ የሽማግሌ ፊልም ነው። በዚያ ዕድሜ እንዲህ መናደድ መቻሉ ያስገርመኛል።

የመጨረሻውን ረጅም ፊልሙን በ2010 ሠራ፤ ስለ ሃንጋሪው ንጉሥ ማትያስ። በጥር 2014 በ92 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡም ፊልም ነው። ለአንድ ወቅት ባለቤቱ የነበረችው ማርታ ሜሳሮሽ ራሷ ታላቅ ዳይሬክተር ናት። ልጁ ዳቪድ ያንቾ በቅርቡ «ዘ ብሩታሊስት»ን ኤዲት አድርጎ ለኦስካር ታጭቷል። የረጅም ሾት ጌታ ልጅ ኤዲተር መሆኑ ደስ ይለኛል።

ወደ ጽሑፍህ ስመለስ፣ አንድ ዘመን አትያዝ። ሁለት ፊልም ያዝ፤ «ቀዮቹና ነጮቹ»ንና «ጌታ በፔስት ፋኖስ ሰጠኝ»ን። ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ደቂቃ ምረጥና ድምፁን ዘግተህ እይ። ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍ፦ በዚህች ቅጽበት የሚያዘው ማን ነው? ከማን ወሰደ? ካሜራው ያንን ልውውጥ ሲያሳይ የት ነበር? ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው የጽሑፍህ ግማሽ ከዚያ ይወጣል። «አፈሳው»ን ለመነሻ፣ «ፍጥጫ»ን ለማገናኛ ትጠቀምበታለህ።

ከመጀመርህ በፊት ቅጂህን አጣራ። በ2021 የተወለደበት 100ኛ ዓመት ሲከበር የሃንጋሪ ብሔራዊ የፊልም ተቋም ዋና ዋናዎቹን ፊልሞች አድሶ አውጥቷል፤ እነሱን ፈልግ። «ቀዮቹና ነጮቹ»ን ስታገኝ የሃንጋሪው ቅጂ መሆኑን አረጋግጥ፤ ሶቪየቶቹ ያሰናዱት ሌላ ፊልም ነው። ለቴሌቪዥን ተብለው ጎንና ጎናቸው የተቆረጡ አሮጌ ቅጂዎችም በኢንተርኔት ይዞራሉ። እነሱን ተዋቸው። ያንቾ አዛዡን የሚያስገባው ከዳር ነው፤ ዳሩ ከተቆረጠ አዛዡም አብሮ ይጠፋል።